የእግዚአብሔር አለመለወጥ

በመካከለኛው ዘመን የምዕራብ ክርስትና ነገረ መለኮትና ፍልስፍና፣ አምላክን በባሕርዩም ሆነ በዕውቀቱና በፈቃዱ ለውጥ አያገኘውም የሚል ትምህርት። ምንጩ ድርብ ነው፤ በአንድ ወገን የነቢዩ ሚልክያስ ቃል፣ በሌላ ወገን ሳይንቀሳቀስ ሌላውን ስለሚያንቀሳቅሰው አካል አርስቶትል ያስተማረው ፍልስፍና። አውግስጢኖስ (354–430 እ.ኤ.አ.) መንገዱን ጠረገ፤ በ1215 የተሰበሰበው አራተኛው የላተራን ጉባኤም አለመለወጥን በእምነት መግለጫው አሰፈረው።

ሙሉ ትንተናውን የምናገኘው በቶማስ አኲናስ (በ1274 ያረፈ) «ሱማ ቴዎሎጊያ» መጽሐፍ፣ ክፍል አንድ፣ ጥያቄ 9 ላይ ነው። የሚለወጥ ነገር ገና ያልሆነውን ለመሆን ዕድል ያለው ነው፤ እግዚአብሔር ግን የሚቀረው የለምና ወደ ምንም አይለወጥም ይላል።

ከባዱ ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ዓለምን ሲፈጥር «ፈጣሪ» መባሉ ለውጥ አይደለምን? አኲናስ በዓምድ ምሳሌ ይመልሳል፦ እንስሳ ቦታ ሲቀይር ዓምዱ ከቀኙ ወደ ግራው ይሆናል፤ ዓምዱ ግን አልተነቃነቀም። ምሳሌው ብልህ ነው፤ ሆኖም ዓምድ እንስሳውን አያውቀውም፣ አይወድደውምም፤ ተቺዎች የሚይዙት ይህንኑ ነው። ጸሎትስ? የአምላክን ፈቃድ ለማስለወጥ ሳይሆን፣ በጸሎት እንዲገኝ የወሰነውን ለማግኘት ነው ሲል ይመልሳል።

በኢትዮጵያ ተዋሕዶ ትምህርት ጉዳዩ በተለይ የሚነሣው በምሥጢረ ሥጋዌ ነው፤ ቃል ሥጋ የሆነው ያለ ውላጤ፣ ማለትም ያለ መለወጥ ነው።