ከጾሙ የሚቀድም ማዕድ፦ የቤተ እስራኤል የጾም መፍቻ ምግብ በታሪክ ዐይን

የአንድ ሕዝብ ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ በብራና ላይ የሰፈረው ጸሎት፣ ከዐለት የተፈለፈለው ቤተ መቅደስና በጦር ሜዳ የወደቀው ጀግና ቀድመው ይነሣሉ። ጸሎተኛው ከጸሎቱ በኋላ የቆረሰው እንጀራ፣ ያንንም እንጀራ ከሦስት ቀን በፊት ያቦካችው እጅ ግን ከታሪክ ገጽ ውጭ ሲቀሩ ኖረዋል። ይሁን እንጂ ጾም ያለ መፍቻው ሙሉ አይሆንም። ሕዝቡ ጾሙን በምን ይፈታል? መፍቻውንስ ማን፣ መቼና እንዴት ያዘጋጀዋል? ተብሎ ሲጠየቅ ስለ አምልኮው ሥርዓት፣ ስለ ሥራ ክፍፍሉ፣ ስለ ድህነቱና ስለ ጉርብትናው ከጸሎት መጽሐፉ የማይገኝ መልስ ይገኛል። የቤተ እስራኤል የጾም መፍቻ ማዕድ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው።

ከወልዲያ ተነሥቶ ወደ ወረታ የሚያመራው መንገድ በመቄት ደጋ ላይ ጋሸና ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ሰሜን ታጥፎ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ላሊበላ ይገባል፤ ሌላው በደብረ ታቦር በኩል አልፎ ከጎንደር አገር ያደርሳል። በዚህ የገብስና የባቄላ ምድር የሁለት ጾመኞች ታሪክ ይገናኛል። በሰሜኑ መንገድ የነቢያትን ጾም የያዘው ክርስቲያን ምእመን ታኅሣሥ 29 ቀን የሚከበረውን የልደት በዓል ለመሳለም በሶውን፣ ዳቦ ቆሎውንና ድርቆሹን በስልቻ ቋጥሮ ይጓዛል። በምዕራቡ መንገድ መጨረሻ ደግሞ፣ በጎንደር ዙሪያ በእነወለቃና በእነአምቦበር፣ ቤተ እስራኤል እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በየመንደራቸው ይጾሙና ይጸልዩ ነበር።

ላስታ ራሱም ለዚህ ታሪክ ባዕድ አይደለም። የ19ኛው ምዕተ ዓመት ጸሐፊዎች ቤተ እስራኤል የሚኖሩባቸውን አገሮች ሲዘረዝሩ ከደንቢያ፣ ከወገራ፣ ከስሜንና ከቋራ ጋር ላስታን ይጠቅሳሉ። እስከ 1270 እ.ኤ.አ. የነገሡት የላስታ ዛጉዌዎች አገዎች ነበሩ፤ የቤተ እስራኤል ጸሎትም በግእዝ ይደረስ እንጂ በመካከሉ የአገውኛ ቃላትን እስከ ቅርብ ዘመን ይዞ ዘልቋል። አንዱ ወገን ኢየሩሳሌምን ከዐለት ፈልፍሎ ወንዙን ዮርዳኖስ ሲል ሰየመ፤ ሌላው ወገን ፊቱን ወደ ኢየሩሳሌም መልሶ በተራራ ላይ ሰገደ። የሁለቱም እናቶች አንድ ዓይነት ምጣድ ያሰማሉ፣ አንድ ዓይነት ሽሮ ይቀምሙ ነበር። የተለያዩት እሳቱ በሚጠፋበት ሰዓት ነው።

የእሳቱ ሕግ የሚጀምረው ከመጽሐፍ ነው። ሙሉ ቃሉ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የተገኘው መጽሐፈ ኩፋሌ የሰንበት መብልና መጠጥ በስድስተኛው ቀን ተሰናድቶ እንዲያድር ያዝዛል፤ በሰንበት እሳት ማንደድን፣ ውኃ መቅዳትን፣ መጾምንም ጭምር አጥብቆ ይከለክላል። ቤተ እስራኤል ከሁሉ አብልጠው የሚያከብሩት ትእዛዘ ሰንበት የተባለው ድርሳንም ሰንበትን ስለ ሕዝቧ እንደምትማልድ ሰማያዊት እመቤት አድርጎ እያሳየ ይህንኑ ሕግ ያጸናል። በዚህም መሠረት ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ የየቤቱ ምድጃ ይጠፋል፤ የቅዳሜው ምግብ ቀዝቅዞ ይበላል። በአውሮፓና በሰሜን አፍሪካ የኖሩ አይሁድ ዓርብ የጣዱትን ድስት በተዳፈነ እሳት ላይ አሳድረው «ሐሚን» ወይም «ቾሌንት» የሚሉትን ትኩስ ወጥ በሰንበት ሲበሉ፣ ቤተ እስራኤል ግን አስቀድሞ የተለኮሰውንም እሳት በሰንበት አላስተናገዱም። ክርስቲያኑ ጎረቤትም ቢሆን ቀዳሚት ሰንበትን ያውቃታል፤ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በ1450 እ.ኤ.አ. በተደረገው የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ቅዳሜና እሑድ ሁለቱም እንዲከበሩ ተወስኗልና። ለክርስቲያኑ ግን ምድጃው እንዲህ ባለ ጥብቅነት አልተዘጋም።

እንግዲህ የቤተ እስራኤል ሴት በየሳምንቱ በዚህ ሕግ ስትፈተን ኖራለች። አድሮ የማይጎመዝዝ፣ ቀዝቅዞ የማይከብድ፣ ያለ እሳት የሚቀርብ ምግብ መሥራት የሰርክ ትምህርቷ ነበር። ታላቁ ጾም ሲመጣ የሚያስፈልጋት ጥበብ በእጇ ላይ ነበረ።

ታላቁ ጾም አስተስርዮ ነው። ስሙ ኃጢአትን ከማስተሥረይ የተገኘ ሲሆን የሚውለውም በሰባተኛው የጨረቃ ወር በዐሥረኛው ቀን ነው። ኩፋሌ የዚህን ቀን ሐዘን ከያዕቆብ ልቅሶ ጋር ያያይዘዋል፤ ወንድሞቹ የዮሴፍን ልብስ በፍየል ጠቦት ደም ነክረው ለአባታቸው ያመጡበት ቀን ነው ይላል። ከትንንሽ ልጆች በቀር መላው መንደር ከፀሐይ ግባት እስከ ፀሐይ ግባት እህልና ውኃ ሳይቀምስ በመስጊዱ ተሰብስቦ ይጸልያል፤ ቤተ እስራኤል የጸሎት ቤታቸውን የሚጠሩት በዚሁ ስም ነው። ሌሊቱ በዜማ ያልፋል፤ የተጣላ ይታረቃል።

ከመድረኩ ጀርባ ግን ሌላ ድርጊት ተፈጽሞ አልቋል። የጾሙን መፍቻ ያዘጋጀችው ሴት ቀኑን ወደ ኋላ ትቆጥራለች። ጠላው ከሁሉ አስቀድሞ ይጠነሰሳል፤ ጌሾው፣ ብቅሉና ድፍድፉ ተራቸውን ጠብቀው ሲገቡ ሳምንት ያልፋል። የወሩ መባቻ የሆነው የብርሃን ሠረቀ በዓል ከአስተስርዮ ዘጠኝ ቀን ይቀድማልና ጊዜው ለጥንስሱ ይመቻል። ቀጥሎ የእንጀራው ሊጥ ይቦካል፤ ሁለትና ሦስት ቀን ይጠይቃል። የዳቦው ሊጥ በእርሾ ተነሥቶ በዋዜማው ይጋገራል። ወጡ ከሁሉ በኋላ ይመጣል፤ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊትም ከእሳት ይወርዳል። ሽሮውና በርበሬው ግን የዚያ ሳምንት ሥራ አይደሉም፤ በበጋ ፀሐይ ተሰጥተው፣ ተቆልተው፣ ተፈጭተው የተቀመጡ ናቸው። ስለዚህ አስተስርዮ ማታ በአንዲት ጉርሻ የሚገናኙት የወራት፣ የሳምንትና የአንድ ቀን ድካሞች ናቸው።

ከዚህ ማዕድ ላይ ሥጋ የሌለበት ምክንያት ብዙ ነው። አስቀድሞ ወቅቱን ማየት ይገባል። ሰባተኛው ወር የሚውለው በመስከረምና በጥቅምት አካባቢ ነው፤ ክረምቱ ወጥቷል፣ አዲሱ እህል ግን ገና ከማሳ አልገባም። በጎተራው ጥግ የቀረው ያለፈው ዓመት ምስር፣ አተር፣ ባቄላና ሽምብራ ነው። ሁለተኛው ምክንያት የሥጋው ጠባይ ነው። ሥጋ በሕጉ መሠረት መታረድ ነበረበት፤ ክርስቲያን ያረደውን ቤተ እስራኤል አይበሉም፣ ክርስቲያኑም የእነርሱን አይነካም። የታረደው ቶሎ ካልተበላ ወይም ቋንጣ ካልሆነ ይበላሻል። ሽሮ ግን ይጠብቃል። ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፤ በእንጀራ ተፈትፍቶ ሲቀርብ የራበውን ሆድ ሳያስደነግጥ ይገባል። የተቀቀለ ምስር በሰናፍጭና በቃሪያ ታሽቶ ሲያድር የሚሆነው አዚፋ ቀዝቅዞ እንዲበላ የተፈጠረ ነው። የተቆላና የተወቀጠ ተልባ በውኃ ተመትቶ ሲጠጣ የደረቀ ጉሮሮን ያለሰልሳል። ንፍሮ ያድራል፤ ቆሎም ሳምንት ይቀመጣል። እነዚህን ምግቦች የክርስቲያኑም ቤት በዐቢይ ጾም ያውቃቸዋል። የቤተ እስራኤል ሴት የራሷ የሆነ ልዩ ወጥ አልፈጠረችም፤ የአገሩን ባልትና ወስዳ በሕጓ ሰዓት አሠለፈችው።

ሦስተኛው ምክንያት የመሬት ታሪክ ነው። በ15ኛው ምዕተ ዓመት ዐፄ ይስሐቅ ያልተጠመቀ ርስት እንዳይወርስ መወሰናቸውን ትውፊቱ ይናገራል፤ «ፈላሻ» የተባለውና ባለቤቶቹ እንደ ስድብ የሚቆጥሩት ስምም ርስት አልባ መጻተኛ ከማለት ጋር ይያያዛል። ከርስቱ የተነቀለው ወንድ በብረት ቀጥቃጭነት፣ በሸማኔነትና በጭሰኛ እርሻ፣ ሴቷም በሸክላ ሥራ ትተዳደር ጀመር። በሬ ያለው ሰው በበሬው የሚያርሰውን ያህል አያርደውም። በ1880ዎቹ ክፉ ቀን ከብቱ በደስታ በሽታ አልቆ ረኀብ አገሩን በመታ ጊዜ ከቤተ እስራኤል ብዙዎች ሞቱ፤ ብዙዎች ተበተኑ። በእንዲህ ያለ ኑሮ ውስጥ ጥራጥሬ የጾም ምግብ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ የመፍቻም ምግብ ሆነ። ያው ጭቁን ሕዝብ ያበሰለበትን ድስትና ያሰማውን ምጣድ ከጭቃ የሠራችው ያቺው ሴት መሆኗን ሲያስቡት፣ ማዕዱ ከአፈሩ ጀምሮ የእርሷ ድርሰት ነበር ማለት ይቻላል።

የሥራው ክፍፍልም ልብ ይባልለታል። በወር አበባዋ ወራት ያለች ሴት ከመንደሩ ጠርዝ በተሠራው የመርገም ጎጆ ትቀመጥ ስለ ነበር በዚያ ሰሞን ከምድጃ አትቀርብም። ዋዜማው እንዲህ ባለ ጊዜ የገጠመ እንደሆነ ሊጡን እህት ትጋግራለች፤ ወጡን ጎረቤት ትሠራለች። ስለዚህ አስቀድሞ መሰናዳት ለአንዲት ሴት ትጋት የተተወ አልነበረም። መንደሩ በሙሉ በሴቶቹ መረዳዳት ላይ ቆሞ ይጾም ነበር።

ከአስተስርዮ በኋላ ኀምሳ ቀን ተቆጥሮ ስግድ ይመጣል። ቄሶቹ ኦሪቱን ተሸክመው፣ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ተራራ ይወጣል፤ የሲና ሕግ የተሰጠበትና የነህምያ ዘመን ኪዳን የታደሰበት ምንባብ ይነበባል፤ ከሰዓት በኋላ ሕዝቡ በእልልታ ወርዶ ጾሙን በተባረከ ዳቦና በጠላ ይፈታል። እዚህም ላይ ሰዓቱ የምግቡን ዓይነት መርጧል። ሌሊት ተጉዞ የመጣ፣ ከሩቅ መንደር የተሸከመው ምግብ መቆየትና ለብዙ ሰው መቈረስ አለበት። ዳቦ ሁለቱንም ያሟላል፤ አይፈስም፣ ቶሎ አይበላሽም፣ አንዱ ሙልሙል ለብዙ እጅ ይዳረሳል። የፋሲካው ሥርዓት ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነው። በፋሲካ ሰባት ቀን እርሾ የነካው ሁሉ ይወገዳል፤ አሮጌው ሸክላ በአዲስ ይተካል፤ ቂጣው ቡኮው ሳይቆይ ይጋገራል። ለአስተስርዮና ለስግድ መጠበቅን ያስተማረው ሕግ ለፋሲካ መቸኮልን ያስተምራል። ሁለቱንም በእጇ የያዘችው ሴቷ ናት።

ይህ ችግር የኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም። በዚያው በዐሥረኛው ቀን የሚጾሙት የሌላው ዓለም አይሁድም በጾሙ ዕለት ማብሰል ስለማይፈቀድላቸው መፍቻውን በዋዜማው ይሠራሉ። በአሜሪካ የሚኖሩት ቤጌል የተባለውን ክብ ዳቦ ከአይብና ከዓሣ ጋር፣ ወይም ከእንቁላልና ከአይብ ጋር በምድጃ የተጋገረ ፓስታ ያቀርባሉ፤ ወተትን ከሥጋ መቀላቀል በሕጋቸው ስለማይፈቀድ ወተት ያለበት ማዕድ ሥጋ አይኖረውም። እነርሱ በማቀዝቀዣና በአይብ የፈቱትን ጥያቄ የጎንደር ሴት በሽሮና በእርሾ ፈትታዋለች።

የዚህ ሁሉ ዕውቀት መንገድ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተለወጠ። በኅዳርና በታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. ብዙ ሺህ ቤተ እስራኤል በሱዳን በኩል፣ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14 ሺህ የሚበልጡ በሁለት ቀን ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በሱዳን መንገድ የረገፉት ብዙዎች ናቸው። መንደሮቹ ባዶ ቀሩ፤ ምጣዱም ከምድጃው ጋር ቀረ። በእስራኤል ስግድ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በሕግ የታወቀ ብሔራዊ በዓል ሆኗል፤ በየዓመቱ ከኢየሩሳሌም አሮጌ ከተማ ፊት ለፊት ባለው ኮረብታ ላይ ቄሶቹ በጃንጥላ ሥር ይቆማሉ፤ ጾሙም ዛሬም በዳቦ ይፈታል። ዳቦው ግን በኤሌክትሪክ ምድጃ ይጋገራል፤ ወጡ በማቀዝቀዣ ያድራል። አዲሱ ትውልድም የረቢዎቹን ሥርዓት ተከትሎ ከሰንበት በፊት የበራ ምድጃ ላይ ያደረ ትኩስ ምግብ ይበላል። ቀዝቅዞ መብላት የእምነት ምልክት የነበረበት ዘመን ከአያቶች ጋር እየሸሸ ነው።

ምሁራን ጸሎቱን አላዳኑም አይባልም። ጆሴፍ ሃሌቪ እ.ኤ.አ. በ1867 እና በ1868 ተጉዞ የቤተ እስራኤልን ጸሎት በ1877 አሳተመ፤ ቮልፍ ሌስላው በ1951 ድርሳናቱን በእንግሊዝኛ ተርጉሞ አወጣ። እነዚያ መጻሕፍት በቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ምስሩ ምን ያህል ውኃ ሲጠጣ እንደሚወርድ፣ ሽሮው ለነገ ሲታሰብ ስንት ጊዜ እንደሚማሰል፣ ጥንስሱ በየትኛው ማለዳ እንደሚከደን የሚናገር መጽሐፍ ግን ከጸሎቱ መጽሐፍ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። ያ ዕውቀት የተጻፈው በእጅ ላይ ነው፤ እጁም ያረጃል።

ይህ የአንድ ማኅበረሰብ ብቻ ጉዳይ አይደለም። በጋሸና መገንጠያ በሶውን ቋጥሮ ወደ ላሊበላ የሚወጣው ምእመንና በአምቦበር ተራራ ዳቦ ተሸክማ የወጣችው እናት የአንድ አገር ባልትና ልጆች ናቸው። የባህል ተቋማትና የታሪክ ተማሪዎች በላስታም፣ በጎንደርም፣ በኢየሩሳሌምም ያሉትን አሮጊቶች ቀርበው ቢጠይቁ፣ ሁለቱ ወገኖች በመጽሐፍና በሰይፍ ከተለያዩበት ዘመን ይልቅ በእርሾና በሸክላ አብረው የኖሩበት ዘመን ረጅም እንደ ሆነ ይረዳሉ። ጥያቄው ግን ምድጃውን የሚያስታውሱት እናቶች በሕይወት ሳሉ መጠየቅ አለበት።