የጎመን ምንቸት ውለታ
ጓሮ በአርሶ አደሩ ታሪክ ውስጥ ያለው ድርሻ

በዘመን መለወጫና በመስቀል ሰሞን «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ማለት በብዙ ቤት የተለመደ ነው። አባባሉ የደስታ ቢሆንም በውስጡ ያለው ታሪክ የችግር ነው። ያለፈው መኸር እህል በሐምሌና በነሐሴ ከጎተራ ሲያልቅ፣ አዲሱ ደግሞ ገና በማሳ ላይ ሳለ፣ ቤተሰቡን መስከረም የሚያደርሰው ከጓሮ የሚቀነጠሰው ጎመን ነበር። የአርሶ አደሩ ታሪክ ሲነገር ማሳው፣ በሬውና ምርቱ ይወሳሉ። ከቤቱ ጀርባ ላለችው ቁራሽ መሬት ግን የውለታዋን ያህል አልተነገረላትም።

የሐበሻ ጎመን ባለአገር ነው፤ መገኛው የኢትዮጵያ ደጋ እንደሆነ ይታመናል። ናጋሃሩ ዩ የተባለው ተመራማሪ በ1935 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ይህ ተክል ከጥቁር ሰናፍጭና ከጥቅል ጎመን ወገን በተፈጥሮ ተዳቅሎ የተገኘ መሆኑ ታውቋል። የሁለቱንም ወላጆች ሙሉ ውርስ ይዟል። እናቶች ቅጠሉን ለወጥ፣ ዘሩን ለምጣድ ማሰሻ ሲያደርጉት ኖረዋል።

ድንች ግን እንግዳ ነው። መገኛው የደቡብ አሜሪካ ተራሮች ሲሆኑ፣ ወደ አገራችን የገባው በ1858 እ.ኤ.አ. በትግራይ ይኖር በነበረው ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ በቪልሄልም ሺምፐር አማካይነት እንደሆነ በታሪክ ተጽፏል። ሆኖም ወዲያውኑ አልተስፋፋም። በሰፊው እንዲታወቅ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ክፉ ቀን ተብሎ የሚታወሰው የ1880 – 1884 ዓ.ም. ረሀብ ነው። በዚያን ዘመን በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬውን ጨረሰው፤ ማሳውም ጦሙን አደረ። ጓሮ ግን በሬ አይሻም፤ ዶማና የሰው ክንድ ይበቃዋል። እንግዳው ድንችም በዶማ በሚቆፈር መሬት ላይ የሚበቅል በመሆኑ ከችግር ጊዜ ምግቦች ተርታ ገባ። በደቡብና በደቡብ ምዕራብም እንሰት እንዲሁ ነው፤ ዝናብ ቢዘገይ እንኳ ለዓመታት በቁሙ የሚቆይ ጎተራ ሆኖ ሕዝብን ሲያሻግር ኖሯል።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ጓሮ የትርፍ ጊዜ ሥራ ብቻ ሳይሆን የቤት መድን መሆኑን ነው። መድንነቱ ግን ወቅትን ጠብቆ ለሚሠራ ሰው ነው።

በጸደይ፣ ማለትም ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሰኔ፣ መሬቱ ይቆፈራል፤ በደንብ የበሰበሰ ፍግም ይደባለቅበታል። ያልበሰበሰ እበት ሥርን ያቃጥላል፣ የአረም ዘርም ይዞ ይመጣል። የጎመን ዘር በግንቦት በመደብ ላይ ከተዘራ በሐምሌ ለምግብ ይደርሳል።

በክረምት ዋናው ጠላት የተኛ ውኃ ስለሆነ መደቡን ከፍ ማድረግና ቦይ ማውጣት ይገባል። ጎመን ሲቀነጠስ ከታችኛው ቅጠል ይጀመራል፤ እምቡጡ ካልተነካ ደጋግሞ ያቆጠቁጣል። ድንችና ቲማቲም አንድ ዓይነት በሽታ ስለሚጋሩ አንዱ በነበረበት መሬት ላይ ሌላውን ማስከተል አይገባም።

መፀው የዘር ወቅት ነው። ብዙ ሰው ዘር የሚለቅመው ቀድሞ ካበበው ጎመን ነው። ይህ ስሕተት ነው፤ ቀድሞ የሚያብብ ተክል ቅጠል የሚሰጥበት ጊዜ አጭር ስለሆነ ልጆቹም እንደ እርሱ ይሆናሉ። ዘግይተው የሚያብቡ፣ ሰፊ ቅጠል ያላቸውና ጤናማ የሆኑ ብዙ እግሮች ተመርጠው ቅጠላቸው ሳይቀነጠስ ይተዋሉ። ቆባቸው ቢጫ ሲሆን ታጭደው በጥላ ይደርቃሉ።

በበጋ ጠዋት ወይም ማታ ውኃ ማጠጣትና መደቡን በገለባ መሸፈን እርጥበት ይቆጥባል። የሚበላ ድንች በጨለማ ይቀመጣል፤ ብርሃን አግኝቶ አረንጓዴ የሆነው ለጤና ጎጂ ነውና። የዘር ድንች ግን ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው፣ ብርሃንና ነፋስ ባለው ቆጥ ላይ በስሱ ቢደረደር አጭርና ጠንካራ ቡቃያ ያወጣል።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት በአዋጅ ቁጥር 147/1991 አዲስ መልክ ከያዙ ወዲህ፣ ዩኒየኖች ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በማቅረብና ለእህል ገበያ በማፈላለግ ብዙ ሠርተዋል። የጓሮው ምርት ግን በኩንታል ስለማይለካ ከሪፖርት ይቀራል። በዚህ መካከል በየቤቱ በጨርቅ ተቋጥሮ ይቀመጥ የነበረው የጎመን ዘር ከገበያ በሚገዛ እሽግ እየተተካ ነው። የተዳቀለ ጥቅል ጎመን ዘር ለዓመት ቢያተርፍም፣ ከእርሱ የሚለቀም ዘር እናቱን አይመስልም። በመሆኑም የቤቱን ዘር የጣለ ሰው በየዓመቱ ገዢ ይሆናል፤ ዋጋ በናረ ወይም መንገድ በተዘጋ ዓመት ደግሞ መድኑን ያጣል።

በአዲስ አበባ በ1976 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የዘር ባንክ ብዙ የአገር ዘር አድኗል። ማዕከሉን ይመሩ የነበሩት ዶክተር መላኩ ወረደ በ1989 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙት፣ የአገርን ዘር በማዳናቸውና ዘር በባንክ ብቻ ሳይሆን በአርሶ አደሩም እጅ እንዲጠበቅ በመሥራታቸው ነበር። የጓሮውን ዘር የሚያውቁት ግን በአብዛኛው እናቶች ናቸው። በብዙ ማኅበር የአባልነት መዝገብ ላይ ያለው ደግሞ የአባወራው ስም ነው። የምታውቀው እናት በስብሰባ ካልተሰማች፣ ከዘሩ ጋር ዕውቀቱም አብሯት ይቀበራል።

ስለዚህ በዓሉ ሲከበር ከኩንታሉ ሪፖርት ጎን አንድ ጥያቄ ቢነሣ መልካም ነው፦ ከአባላት ቤት የራሱን የጎመን ዘር የያዘ ስንቱ ነው? በጠቅላላ ጉባኤው ቀን እናቶች ከየቤታቸው አንድ አንድ እፍኝ ዘር ይዘው መጥተው ቢለዋወጡ ወጪ የለውም፤ ትርፉ ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል። መስከረም ሲጠባ የጎመን ምንቸት ይውጣ፤ ዘሩ ግን ከቤት አይውጣ።