የእረኛው ዋሽንት ቡዳፔስት ሲገባ

ዘመኑ 1966 ዓ.ም. ነው። ከቡሬ ገጠር መጥተን ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይተን የምንማር ልጆች ነበርን። ከአከራያችን በቀር ማንም የማይነካት አንዲት ትራንዚስተር ሬዲዮ ነበረች፤ እኛ በግድግዳው በኩል ነበር የምናዳምጣት። አንድ ማታ በሁለት ዝግጅቶች መካከል ቃል የሌለበት ሙዚቃ ተለቀቀ። መሣሪያው የፈረንጅ ነው፤ ዜማው ግን የሰፈሬ ነው። ሲያበቃ አስተዋዋቂው «እረኛው ባለ ዋሽንት» አለ፤ የአቀናባሪውንም ስም ጠራ፤ አሸናፊ ከበደ።

እነሆ ከዚያ ማታ ወዲህ ሃምሳ ዓመት አልፏል፤ ሙዚቃው ግን ከጆሮዬ አልወጣም። ስለ ሙዚቃ የምጽፈው እንደ ባለሙያ አይደለም፤ ኖታ ማንበብ አልችልም። የምጽፈው እንደ አድማጭ ነውና አንባቢ በዚያው ልክ ይመዝነኝ።

አሸናፊ ከበደ በ1930 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለደ። በአሜሪካ ሮቸስተር ከተማ ከሚገኘው የኢስትማን ሙዚቃ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1962 ተመርቆ ተመለሰና የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆነ። ከእርሱ በፊት የዘመናዊው ሙዚቃችን የመሪነት በትር በአብዛኛው ከውጭ በመጡ ሰዎች እጅ ነበር። የአርባ ልጆች ባንድ መሪ ኬቮርክ ናልባንዲያን አርመን ነው፤ ከእርሱም በኋላ ሥራውን ያስቀጠለው የወንድሙ ልጅ ኔርሲስ ነው። (በነገራችን ላይ፣ ኬቮርክ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ሲደርስ ግጥሙን የጻፈለት የደብረ ኤልያሱ ሰው ዮፍታሔ ንጉሤ ነው። ጎጃም ለዘመናዊው ሙዚቃ ባዳ አልነበረም ለማለት ያህል ነው።) ናልባንዲያኖች የሠሩት ሥራ ትልቅ ነው፤ ማንም አይክድም። ነገር ግን ኢትዮጵያዊ ሰው የራሱን ድርሰት ይዞ፣ አውሮፓ ሄዶ፣ የአውሮፓ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ፊት ቆሞ በትር ሲያነሳ ነገሩ ሌላ ነው።

ይህ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። አሸናፊ የሃንጋሪን መንግሥት ኦርኬስትራ እየመራ የራሱን ሥራዎች አስቀረጸ። ከእነዚህ መካከል ርዕሳቸው ወደ አማርኛ ሲመለስ «ሰላም ለኢትዮጵያ» እና «የአገራችን ሕይወት» የሚሉት ይገኛሉ። በዚያው ዓመት መጋቢት ውስጥ ታላቁ የሃንጋሪ የሙዚቃ ሰው ዞልታን ኮዳይ አርፎ ነበር፤ አሸናፊም «ጥቁሩ ኮዳይ» የሚል ስም ወጣለት።

ለመሆኑ ለምን ሃንጋሪ? እኔ ይህን ስም እንደ ሙገሳ ብቻ አላየውም። ኮዳይና ጓደኛው ባርቶክ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የፎኖግራፍ ማሽን ተሸክመው መንደር ለመንደር ሲዞሩ፣ የሃንጋሪ ገበሬ ጥንታዊ ዜማ በአምስት ድምፅ ላይ የቆመ መሆኑን አገኙ። የእኛም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ አምስት አምስት ድምፅ ናቸው። ቅኝቶቹ አንድ አይደሉም፤ ቢሆንም የቡዳፔስት ቫዮሊን ተጫዋች ለአምስት ድምፅ ዜማ እንግዳ አልነበረም፤ አያቱ በዚያው ዘፍነዋልና። «ሰላም ለኢትዮጵያ»ን ስሰማ ተጫዋቾቹ ዜማውን እንደ ባዕድ ዕቃ በጥንቃቄ ሳይሆን እንደሚያውቁት ነገር የያዙት የሚመስለኝ ለዚህ ነው። ለነገሩ ያንን ርዕስ ስሰማ የራሴ ከተማ ትዝ ይለኛል። ወጀት ትባል የነበረችው ከተማ «ፍኖተ ሰላም» የተባለችው ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ በዚያ መንገድ ስላለፉ ነው። አሸናፊ ይህን አስቦ አልጻፈው ይሆናል፤ አድማጭ ግን የራሱን መንገድ ያስባል።

ከሁሉ የምወደው ግን ያው «እረኛው ባለ ዋሽንት» ነው። ዜማውን የሚይዘው ፍሉት ነው፤ ኦርኬስትራው ከሥሩ ይሆናል። ደስ የሚለኝ ጫና የሌለበት መሆኑ ነው። ብዙ አቀናባሪ የአገር ዜማ ሲያገኝ እንደ ሠርግ ቤት በጌጥ ያንቆጠቁጠዋል፤ እዚህ ግን ገመዶቹ ሜዳውን ይዘረጋሉ፣ ፍሉቱ በሜዳው ላይ ብቻውን ይሄዳል።

ይህን አድናቆቴን የማይጋራ አንድ ሰው ነበር፤ ታላቅ ወንድሜ። ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቄን በአህያ ጭኖ ከቡሬ ገጠር ይመጣልኝ ነበር። ትምህርት ቤት ገብቶ አያውቅም፤ በከብት ጥበቃ ያደገ፣ ዋሽንት ነፊ ነው። ሙዚቃው ዳግመኛ በተለቀቀ ጊዜ አጠገቤ ነበር። ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ እስኪያልቅ ሰማ።

«እንዴት ነው፣ አያ?» አልሁት።

«ዜማው የእረኛ ነው። የሚነፋው ሰውዬ ግን ከብት ጠብቆ አያውቅም» አለኝ።

ተናደድሁ። የተማረ ነኝ ብዬ የምኮራበት ዕድሜ ነውና ምቀኝነት መሰለኝ። ብዙ ቆይቼ ነው የገባኝ። ዋሽንት ከሸምበቆ ተቆርጦ፣ አብዛኛውን ጊዜ አራት ቀዳዳ ተበጅቶለት፣ በነፊው ጣት ልክ የሚሠራ ነው። የአንዱ ዋሽንት ከሌላው ጋር ልክ አይገጥምም፤ ስለዚህም ነፊው ረዘም አጠር ያሉ ብዙ ዋሽንቶች ይይዛል። ትንፋሹ ከዜማው ጋር አብሮ ይሰማል፤ እንዲያውም ግማሹ ሙዚቃ ትንፋሹ ነው። የፈረንጁ ፍሉት ደግሞ ትንፋሹን እንዲደብቅ፣ ድምፁም ከፒያኖ ጋር እንዲስማማ ተደርጎ የተቃኘ ነው። ወንድሜ የጎደለበት ትንፋሹ ነበር። ልክ ነበረ። እኔም ልክ ነበርሁ ብዬ እከራከራለሁ፤ አሸናፊ እረኛውን ኦርኬስትራ ውስጥ አስገባ እንጂ ኦርኬስትራውን እረኛ ላድርገው አላለም። ኮዳይም ቢሆን ገበሬውን እንዳለ አላመጣውም።

ክርክሩን ለመጨረስ ጊዜ አላገኘንም። በ1969 ዓ.ም. የእናት አገር ጥሪ ሲታወጅ ወንድሜ ሚሊሺያ ሆኖ ወደ ታጠቅ ሄደ፤ ከዚያም ወደ ምሥራቅ። አልተመለሰም። ሦስት ዋሽንቶቹ እናቴ ቤት ማገር ላይ ተሰክተው ቀሩ።

አሸናፊም ቢሆን አገሩ ላይ አልቆየም። አሜሪካ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1971 ከዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪውን አገኘ፤ ኋላም በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። ስለ ጥቁሮች ሙዚቃ ሥረ መሠረት የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1982 ታተመ። በ1990 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ ላይ፣ ስልሳ ዓመት በሞላው ማግሥት፣ ዐረፈ። መምህሩንና ተመራማሪውን አሜሪካ አገኘች፤ የኦርኬስትራ መሪውን ግን ማንም አላገኘውም ብዬ አዝናለሁ። በትሩን ይዞ ቢቆይ ምን ያህል ሸክላ ይተውልን ነበር?

አሁን ሙዚቃው በእጅ ስልክ ይገኛል። አምና ለክረምት ቡሬ ገጠር ወርጄ ከወንድሜ ጋር ከብት የጠበቁ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሄድሁና ከፈትሁላቸው። ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያ ዋሽንታቸውን አንሥተው አብረው ሊነፉ ሞከሩ፤ አልገጠመም። ሌላ አወጡ፤ እርሱም ትንሽ ይዘቅጣል። ሦስተኛው ለጥቂት ጊዜ አብሮ ሄደላቸው፤ ገመዶቹ ሲነሡ ግን አቆሙና ዋሽንቱን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«እስቲ ከመጀመሪያው ድገመው» አሉኝ።