ጫፈ ክብ ደማቅ ፊደል፦ የሰርዶ የመንገድ ሰሌዳ

ቆርቆሮ፣ የዘይት ቀለም

በመጋቢት 1961 ዓ.ም. የምድር መናወጥ ባፈረሳት በሰርዶ፣ ከአፍዴራ ጨው ጭነው የሚወጡ ከባድ መኪኖች ወደ ጅቡቲ ከሚወስደው አውራ ጎዳና ጋር በሚገናኙበት ስፍራ፣ ጽሑፍ የሚነበበው ተረጋግቶ በተቀመጠ አንባቢ ሳይሆን በሚገሠግሥ ሾፌር ነውና፣ ሰሌዳ ጸሐፊው የቁም ጽሕፈትን ሥርዐት ትቶ ሌላ መልክ መረጠ። የብራና ጸሐፊ የብርዑን አፍ ሰያፍ አድርጎ ስለሚቀርጸው አንዱ ሰረዝ ይወፍራል፣ ሌላው ይቀጥናል፤ ይህ ፊደል ግን ከራሱ እስከ እግሩ ውፍረቱ እኩል፣ ጫፉም እንደ ጣት የከበበ ነው። ነገሩ ለጌጥ ብቻ የተደረገ አይደለም፤ ክብ ቡሩሽ ከቆርቆሮው ላይ ሲነሣ የሚተወው ዐሻራ ራሱ ክብ ነው። በ1979 እ.ኤ.አ. ለቮልስዋገን ኩባንያ የተቀረጸው «ቫግ ራውንድድ» የተባለው የላቲን ፊደልም የዚሁ ዘር ነው።

በከተማይቱ ስም መጨረሻ ያለውን «ዶ» ይመልከቱ፦ ከ«ዳ» የሚለየው የረዘመው እግር የግራው በመሆኑ ብቻ ስለሆነ፣ አጭሩ እግር በቀለሙ ውፍረት እንዳይዋጥ ልዩነቱ ከብራናው ይልቅ ተጋንኗል። በዚሁ ቅርጽ «ሴ» ቢጻፍ ግን ከእግሩ ያለችው ቀለበት ተደፍና «ሲ» ወደ መምሰል ትደርሳለች፤ ስለዚህ ደማቅነት ለግእዝ ፊደል ያለ ብልኀት አይሰጥም ብንል ሐሰት አይሆንም። ከሥሩ በላቲን ሆሄ የሰፈረው የአፋርኛ ስም፣ ቀለበቶቹ ሰፋፊ ናቸውና፣ ይኸው ውፍረት አልከበደውም።