ሌዘሩ መጣ፤ እቶኑ ግን አልተሻረም

አዲስ ማሽን በመጣ ቁጥር «የድሮው አበቃለት» ማለት የተለመደ ነው። የጥቃቅን ሴራሚክ ዕቃዎች ታሪክ ግን ሌላ ያሳያል።

እ.ኤ.አ. በ1955 ካዙዎ ኢናሞሪ የተባለ የ23 ዓመት ወጣት ከካጎሺማ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ኪዮቶ በሚገኝ አንድ የሴራሚክ ፋብሪካ ተቀጠረ። ፋብሪካው ደመወዝ እንኳ በወቅቱ መክፈል ያቃተው ነበር። የወጣቱ ሥራ ፎርስተራይት የሚባል ሴራሚክ መሥራት ሆነ። ቴሌቪዥን ወደ ጃፓን ቤቶች መግባት የጀመረበት ጊዜ ነው፤ በሥዕል ቱቦው ውስጥ የምትገባው ትንሽ ዕቃ ኤሌክትሪክ የማታሳልፍ፣ ሙቀትም የምትችል መሆን ነበረባት።

ችግሩ ዱቄቱ ነበር። በውሃ ቢቦካ አይያያዝም። ሸክላ አፈር ቢጨመርበት ይያያዛል፤ ነገር ግን የአፈሩ ባዕድ ነገር ጥራቱን ያበላሻል። ኢናሞሪ እንደተረከው መፍትሔው በእንቅፋት መጣ፦ ቤተ ሙከራው ውስጥ የተቀመጠ ፓራፊን ሰም አደናቀፈው፣ ጫማውም ላይ ተጣበቀ። ሰሙን ከዱቄቱ ጋር ሲለውሰው ቅርጽ ያዘ። እቶን ሲገባ ሰሙ ተቃጥሎ ጠፋ፤ ንጹሑ ሴራሚክ ቀረ።

በ1959 ኢናሞሪና ባልደረቦቹ በ28 ሠራተኞች ኪዮቶ ሴራሚክን፣ የዛሬውን ኪዮሴራ፣ መሠረቱ። በ1966 አይቢኤም ለሲስተም 360 ኮምፒውተሮቹ 25 ሚሊዮን የአሉሚና ገበታዎች አዘዘ። የተጠየቀው ልኬት ኩባንያው ከለመደው እጅግ የጠበቀ ነበር።

ልኬት ለምን ያስቸግራል? ሴራሚክ ሲተኮስ በዱቄቱ ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍተት ስለሚዘጋ ዕቃው ይኮማተራል። ርዝመቱ በ20 በመቶ የሚቀንስ ከሆነ፣ 10 ሚሊሜትር እንዲሆን የተፈለገው ሲቀረጽ 12.5 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ዱቄቱ እኩል ካልተጠቀጠቀ አንዱ ጎን አብልጦ ይኮማተርና ዕቃው ይጣመማል። ሰሙ ቶሎ ከጋለም ጋዙ መውጫ አጥቶ ይሰነጥቀዋል።

በ1980ዎቹ አጋማሽ ካርል ዴካርድ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ፣ ኦስቲን፣ ዱቄትን በሌዘር ንብርብር በንብርብር የማያያዝ ዘዴ ፈለሰፈ። ቅርጽ ማውጫ ሳያስፈልግ ዕቃ መሥራት ተቻለ። ለፕላስቲክ ሠመረ፤ በኋላም ለብረት። ሴራሚክ ግን ድንገተኛ ሙቀት አይወድም፤ ጨረሩ ያረፈበት ቦታ ግሎ ዙሪያው ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ሌዘሩ የሚያቀልጠው ከዱቄቱ ጋር የተቀላቀለውን ማያያዣ ብቻ ነው። በቪየና የዳበረው በብርሃን የማጠንከር ዘዴም እንዲሁ ነው። ሁለቱም ዕቃውን መልሰው ለእቶን ያስረክባሉ። ማያያዣው ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ዕቃው ይኮማተራል፤ የኪዮቶው ፈተና እንዳለ ነው።

ዛሬ ብዙ አገሮች ማተሚያ ማሽን በመግዛት ብቻ ኢንዱስትሪን በአቋራጭ መያዝ የሚቻል ይመስላቸዋል። ማሽኑ በገንዘብ ይገዛል። የትኛው ዱቄት ስንት እንደሚኮማተር፣ እቶኑ በየትኛው ሰዓት ስንት ዲግሪ መሆን እንዳለበት የሚያውቅ ባለሙያ ግን በኮንቴይነር ተጭኖ አይመጣም። ብዙ ዕቃ ሰንጥቆ፣ ለምን እንደተሰነጠቀ መዝግቦ የሚገኝ ዕውቀት ነው።