የአምስት መቶ ሠላሳ ሰባት ድምፅ ዜና መዋዕል

ዓለም በተፈጠረ በ7493 ዓመት፣ በ1993 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ ቢል ክሊንተን አሜሪካን መምራት በጀመሩ በስምንተኛው ዓመት፣ የዚያ አገር ሕዝብ አዲስ ፕሬዚዳንት ሊመርጥ ወጣ። ዕለቱ ማክሰኞ፣ ጥቅምት 28 ቀን ነበር፤ ፈረንጆች ኖቬምበር 7 ቀን 2000 ይሉታል።

ለወንበሩ የቀረቡት ሁለቱ ዋና ተፎካካሪዎች ትውልዳቸው ከሹማምንት ነው። አንዱ የቴክሳስ አገረ ገዢ ጆርጅ ደብልዩ ቡሽ፣ የቀድሞው ፕሬዚዳንት የጆርጅ ኸርበርት ዎከር ቡሽ የበኩር ልጅ፣ በሪፐብሊካን ፓርቲ ስም ቀረቡ። ሌላው ምክትል ፕሬዚዳንት አል ጎር፣ የቴነሲው ሴናተር የአልበርት ጎር ልጅ፣ በዴሞክራቲክ ፓርቲ ስም ቀረቡ። ከእነርሱም ሌላ የአረንጓዴው ፓርቲ ራልፍ ኔደርና ወግ አጥባቂው ፓት ቡካነን ነበሩ። እነዚህ ሁለቱ የማሸነፍ ተስፋ ባይኖራቸውም ታሪኩ ያለ እነርሱ አይነገርም።

በአሜሪካ ሕግ ፕሬዚዳንቱን የሚሾሙት 538 ወካይ መራጮች ናቸው፤ 270 ያገኘ ያሸንፋል። ከጥቂቶች በቀር እያንዳንዱ ግዛት ያሉትን ወካዮች በሙሉ በግዛቱ ለበለጠው ሰው ይሰጣል፤ የበለጠው በአንድ ድምፅ ቢሆንም እንኳ። በዚያ ዓመት የሌሎቹ ግዛቶች ውጤት ሲደመር ለጎር 267፣ ለቡሽ 246 ሆነ። የቀረችው 25 ወካይ ያላት ፍሎሪዳ ብቻ ነበረች።

የፍሎሪዳም ነገር እንዲህ ነው። ሰሜኗ ከጆርጂያና ከአላባማ ጋር የሚዋሰን ስለሆነ ልማዱም ምርጫውም የደቡብ ሰዎች ነው። ደቡብ ምሥራቋ፣ ፓልም ቢችና ብራዋርድ፣ ከኒው ዮርክና ከአካባቢው የመጡ ጡረተኞች የሰፈሩበት ነው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ አይሁድ ስለሆኑ የጎር ምክትል ሆነው የቀረቡትን አይሁዳዊውን ጆ ሊበርማንን በደስታ ተቀብለዋቸው ነበር። ማያሚ የኩባ ስደተኞች ከተማ ናት። እነርሱ ደግሞ በ1992 ሚያዝያ ወር የክሊንተን መንግሥት የታጠቁ ሰዎች ልኮ አንድ የኩባ ሕፃን ከዘመዶቹ ቤት ስላስወጣና በኋላም ወደ አባቱ አገር ስለመለሰው ቂም ይዘው ነበር። በጃክሰንቪል በኩል የጥቁሮች ሰፈር አለ። ይህ ሁሉ ሲመዘን ሚዛኑ እኩል ቆመ። አገረ ገዢው የዕጩው ወንድም ጀብ ቡሽ ነበሩ። የምርጫውን ውጤት አጽድቀው የሚፈርሙት የግዛቷ ዋና ጸሐፊ ካትሪን ሃሪስም በዚያው ግዛት ከቡሽ የምርጫ ዘመቻ ተባባሪ ሊቃነ መናብርት አንዷ ነበሩ። ሕጉ ይህን አልከለከለም፤ መከልከል ግን ነበረበት።

በዚያች ሌሊት የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ከቆጣሪው ቀደሙ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ50 ገደማ፣ በግዛቷ ምዕራባዊ ጫፍ ምርጫው ገና ሳይዘጋ፣ ፍሎሪዳ የጎር ናት አሉ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ቃላቸውን አጠፉ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ16 ሲሆን ፎክስ የተባለው ጣቢያ ቡሽ አሸነፉ ብሎ አወጀ፤ ሌሎቹም በደቂቃዎች ውስጥ ተከተሉት። የፎክስን የትንበያ ክፍል ይመራ የነበረው ጆን ኤሊስ የቡሽ የአክስት ልጅ ነው። ጎር ይህን ሰምተው ለቡሽ ደወሉ፤ እንኳን ደስ ያለዎት ብለውም ሽንፈታቸውን ሊያውጁ በናሽቪል ዝናብ ውስጥ ወደ ተሰበሰበው ሕዝብ አመሩ። መድረኩ ላይ ሊወጡ ጥቂት ሲቀራቸው ረዳቶቻቸው ደረሱባቸውና ልዩነቱ እየጠበበ ከ2,000 በታች መውረዱን ነገሯቸው። ጎርም መልሰው ደውለው ቅድም ያሉትን ሻሩ። ቡሽ ተቆጡ፤ ወንድማቸው ፍሎሪዳን አሸንፈሃል እንዳሏቸው ተናገሩ። ጎርም የዚህ ነገር የመጨረሻ ዳኛ ወንድምዎ አይደሉም ብለው መለሱ። ሲነጋ ከስድስት ሚሊዮን ገደማ ድምፅ መካከል የሁለቱ ልዩነት 1,784 ሆኖ ተገኘ።

ልዩነቱ ከግማሽ በመቶ ሲያንስ መኪናዎቹ ድምፁን እንደገና እንዲቆጥሩ የፍሎሪዳ ሕግ ያዛል። እንደገናም ተቆጠረ፤ ልዩነቱ ወደ 300 ግድም ወረደ። ሁለቱም ወገኖች ጠበቆቻቸውን ሰበሰቡ። የቡሽን ወገን የቀድሞው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጄምስ ቤከር፣ የጎርን ወገን ሌላው የቀድሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዋረን ክሪስቶፈር መሩ። የጎር ሰዎች በአራት ካውንቲዎች ብቻ፣ በፓልም ቢች፣ በብራዋርድ፣ በማያሚ ዴድና በቮሉዢያ፣ ድምፁ በእጅ እንዲቆጠር ጠየቁ። አራቱም ያኔ ዴሞክራቶች የበረቱባቸው ነበሩ። መላው ፍሎሪዳ ይቆጠር ብለው ከመጀመሪያው አጥብቀው ቢይዙ ኖሮ ክርክራቸው ይጠነክር ነበር፤ ይህ ስሕተት በኋላ ዋጋ አስከፍሏቸዋል።

የፓልም ቢቹ ወረቀት ለብቻው መነገር አለበት። የካውንቲው የምርጫ ኃላፊ ቴሬዛ ለፖር ዴሞክራት ነበሩ። በዚያ ዓመት ዕጩዎቹ ስለበዙ በአንድ ገጽ ቢደረደሩ ፊደሉ ያንሳል፣ አረጋውያኑም ማንበብ ይቸግራቸዋል ብለው ስሞቹን በግራና በቀኝ ገጽ ከፋፈሏቸው፤ የሚበሳው ቀዳዳ በመካከል ወረደ። በግራ በኩል ቡሽ አንደኛ፣ ጎር ሁለተኛ ተጽፈዋል። በቀዳዳዎቹ ተራ ግን አንደኛው የቡሽ፣ ሁለተኛው በቀኝ ገጽ የተጻፉት የቡካነን፣ ሦስተኛው የጎር ነው። ጎርን ፈልጎ ሁለተኛውን የበሳ ሰው ቡካነንን መረጠ። ስሕተቱን አውቆ ሦስተኛውንም የጨመረ ሁለት ሰው ስለመረጠ ድምፁ ተሰረዘ። እንዲህ ሁለቴ ተበስተው የወደቁት ከ19,000 ይበልጣሉ። ቡካነን በዚያ ካውንቲ ከ3,400 በላይ ድምፅ አገኙ፤ በግዛቷ ይህን ያህል የሰጣቸው ሌላ ካውንቲ የለም። እርሳቸው ራሳቸው ከእነዚያ ብዙዎቹ የእኔ አይመስሉኝም ብለዋል። በቅን ልብ የተሠራው ወረቀት ያመጣውን ጉዳት የሚጠግን ሕግ አልተገኘም፤ ሰውየው በልቡ ማንን እንዳሰበ ቆጣሪ ሊያውቅ አይችልምና።

ሁለተኛው ጭንቅ የብጣሹ ነበር። መራጩ ካርዱን ከመኪናው ሥር አስገብቶ በሹል መብሻ ይወጋው ነበር፤ ትንሿ አራት ማዕዘን ብጣሽ ወድቃ ቀዳዳው ሲከፈት ቆጣሪው መኪና በብርሃን ያነበው ነበር። ነገር ግን መኪናዎቹ አርጅተው ነበር፣ የብጣሽ ማጠራቀሚያቸውም አንዳንዱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ስለዚህ አንዷ ብጣሽ በአንድ ጥግ ተንጠልጥላ ትቀራለች፤ ሌላዋ በሁለት ጥግ ትያዛለች፤ ሌላዋ ጭርሱን ሳትቀደድ ጎድጎድ ብላ ትቀራለች። ይህች ጉድጓድ ድምፅ ናት ወይስ አይደለችም? ሕጉ የመራጩ ሐሳብ ይፈለግ ይል ነበር እንጂ ስለ ብጣሽ ጥግ የጻፈው አልነበረም። በብራዋርድ ዳኛው ሮበርት ሮዘንበርግ ካርዱን ወደ መብራት አንሥተው በማጉያ መነጽር ዓይናቸው እስኪፈጥ ሲመለከቱ የተነሡት ፎቶግራፍ ዓለምን ዞሯል። አንዱ ካውንቲ ጎድጓዳውን ሲቀበል ሌላው ጣለው፤ በዚያው ካውንቲ እንኳ የጠዋቱ መለኪያ ከሰዓት በኋላ የተለወጠበት ጊዜ አለ።

ካትሪን ሃሪስ የውጤት ማስገቢያው ቀን አልፏል፣ በእጅ የተቆጠረ አልቀበልም አሉ። ኅዳር 12 ቀን፣ በሚካኤል ዕለት፣ የፍሎሪዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰባቱም ዳኞች ተስማምተው ጊዜውን እስከ ኅዳር 17 አራዘሙት። በማግሥቱ በማያሚ ሌላ ነገር ተነሣ። የምርጫ ቦርዱ ቆጠራውን ወደ ጠባብ ክፍል ቢያዛውረው ሱፍና ከረባት ያደረጉ ሰልፈኞች ተሰብስበው በሩን እየደበደቡ ጮኹ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ከዋሽንግተን የመጡ የሪፐብሊካን ምክር ቤት ሠራተኞች ነበሩ። ቦርዱ ጊዜ አይበቃንም ብሎ ቆጠራውን አቋረጠ። ወደ 10,750 የሚጠጋ ካርድ ሳይታይ ቀረ። ምክንያቱ ጊዜ ብቻ ነው ቢሉም፣ ሕዝብ በር እየደበደበ የተሰጠ ውሳኔ ንጹሕ ነው ብሎ የሚቀበል ጥቂት ነው።

ኅዳር 17 ቀን እሑድ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት፣ ቀነ ገደቡ ደረሰ። ፓልም ቢች ሊጨርስ ሁለት ሰዓት ያህል ቀርቶት ነበር፤ ጥቂት ታገሡን ቢል ሃሪስ አልፈቀዱም። በዚያው ምሽት ቡሽ በ537 ድምፅ አሸንፈዋል ብለው ፈረሙ፤ ለቡሽ 2,912,790፣ ለጎር 2,912,253። በዚያች ግዛት ራልፍ ኔደር ያገኙት 97,488 ድምፅ ከዚህ ልዩነት እጅግ ይበልጣል።

ጎር ውጤቱን በክስ ተቃወሙ። ዳኛው ሳንደርስ ሶልስ ወረቀቶቹ ይቅረቡ ብለው ስላዘዙ ኅዳር 21፣ በጽዮን ማርያም ዕለት፣ የፓልም ቢች ከ460,000 በላይ ካርዶች በኪራይ መኪና ተጭነው በፖሊስ ታጅበው ወደ ግዛቷ ዋና ከተማ ወደ ታላሃሲ ጉዞ ጀመሩ፤ ከላይ ሄሊኮፕተሮች ተከትለው በቴሌቪዥን ያሳዩ ነበር። ካርዶቹ ፍርድ ቤት ደረሱ፤ ዳኛው ሶልስ ግን አንዱንም ሳይመለከቱ ኅዳር 25 ክሱን ጣሉት። ጎርም ይግባኝ አሉ። ኅዳር 29 ቀን ዓርብ የፍሎሪዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አራት ለሦስት ተከፍሎ በመላው ግዛት መኪና ያላነበባቸው ካርዶች በሙሉ በእጅ ይቆጠሩ ብሎ አዘዘ። በማግሥቱ ቅዳሜ ዳኞች በታላሃሲ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠው መቁጠር ጀመሩ። ገና ቀኑ ሳይመሽ ከዋሽንግተን እግድ መጣ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አምስት ለአራት ተከፍሎ ቆጠራው ይቁም ብሏል።

ሰኞ የቡሽ ጠበቃ ቴዎዶር ኦልሰንና የጎር ጠበቃ ዴቪድ ቦይስ ተከራከሩ። ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 3፣ በበዓታ ለማርያም ዕለት፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ፍርዱ ወጣ። ጋዜጠኞች ከ60 ገጽ የሚበልጠውን ወረቀት በደረጃው ላይ በብርድ እያገላበጡ ማን እንዳሸነፈ ይፈልጉ ነበር። ፍርዱም እንዲህ ነው። አንድ ዓይነት ካርድ በአንዱ ካውንቲ ተቀባይ፣ በሌላው ውድቅ ሲሆን ዜጎች በሕግ ፊት እኩል አይደሉም፤ በዚህ ሰባት ዳኞች ተስማሙ። ነገር ግን መለኪያ አውጥቶ ዳግመኛ ለመቁጠር ጊዜው በዚያችው ሌሊት ያበቃል አሉ አምስቱ፤ ሬንኲስት፣ ኦኮነር፣ ስካሊያ፣ ኬኔዲና ቶማስ። ሱተርና ብሬየር እስከ ታኅሣሥ 9 ይቆጠር አሉ፤ ስቲቨንስና ጊንስበርግም ተቃወሙ። ስቲቨንስ በዚህ ምርጫ በእርግጥ የተሸነፈው ሕዝቡ በዳኛ ላይ ያለው እምነት ነው ብለው ጻፉ። ቅዳሜ ቆጠራውን ያቆመ ፍርድ ቤት ማክሰኞ ጊዜ የለም ማለቱ ትክክል አልነበረም። ያንኑ ፍርድ ለዚህ ጉዳይ ብቻ የሚያገለግል ነው ብሎ መጻፉም ክብሩን አልጨመረለትም።

በዚያው ታኅሣሥ 3 ቀን በአልጀርስ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊና ፕሬዚዳንት ኢሳይያስ አፈወርቂ የኢትዮጵያንና የኤርትራን ጦርነት የሚዘጋውን ስምምነት ፈረሙ። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ማድሊን ኦልብራይት በሥነ ሥርዓቱ ላይ ተገኝተዋል፤ እርሳቸው በዚያ ሳሉ የሚቀጥለው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ማን እንደሆነ ገና አልታወቀም ነበር።

ጎር በማግሥቱ በቴሌቪዥን ቀርበው በፍርዱ ባልስማማም እቀበለዋለሁ አሉ። በመላው አገሪቱ ከቡሽ ይልቅ ከ540,000 በላይ ድምፅ በልጠው ሳለ ነው ይህን ያሉት። ታኅሣሥ 28፣ በገና ዋዜማ፣ የወካዮቹ ድምፅ በምክር ቤት ሲቆጠር መድረኩን የመሩት እርሳቸው ራሳቸው ነበሩ። የምክር ቤት አባላት፣ አብዛኞቹ ጥቁሮች፣ እየተነሡ የፍሎሪዳን ድምፅ ተቃወሙ። ሕጉ ግን ያኔ የአንድ ሴናተር ፊርማ ይጠይቅ ነበር፤ ከመቶው ሴናተሮች አንድ እንኳ አልፈረመም። ጎርም ለእርሳቸው የቆሙትን ሰዎች ተቃውሞ አንድ በአንድ ራሳቸው ውድቅ አደረጉ። ቡሽ 271፣ ጎር 266 ሆነው ተመዘገቡ፤ አንዲት የዋሽንግተን ወካይ ድምፅ አልሰጡም። ጥር 12፣ በቃና ዘገሊላ፣ ቡሽ ቃለ መሐላ ፈጸሙ።

ከዚያ በኋላ የዜና ድርጅቶች ኅብረት በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሚገኝ የጥናት ማዕከል 175,010 አከራካሪ ካርዶችን እንዲመረምር አደረገ፤ ውጤቱም በኅዳር 1994 ወጣ። ጎር በጠየቋቸው አራት ካውንቲዎች ብቻ ቢቆጠር፣ ወይም የፍሎሪዳ ፍርድ ቤት ያዘዘው ቆጠራ ቢፈጸም፣ ቡሽ ያሸንፉ ነበር። በመላው ግዛት ሁለቴ የተበሱት ጭምር ቢመረመሩ ግን ጎር በጥቂት ይበልጡ ነበር።

ከብጣሹ ይልቅ ያነሰ ወሬ የተሰማለት በደል ደግሞ ይህ ነው። ጃክሰንቪል ባለችበት በዱቫል ካውንቲ የዕጩዎቹ ስም በሁለት ገጽ ተከፍሎ ሳለ የናሙናው ወረቀት በየገጹ ምረጡ ይል ነበር፤ ያንን ያከበሩ ከ20,000 በላይ ሰዎች ድምፃቸው ወደቀ፤ ብዙዎቹ ከጥቁሮች ሰፈር ናቸው። የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ኮሚሽን በ1993 ክረምት መግቢያ ባወጣው ዘገባ በፍሎሪዳ የጥቁር መራጭ ድምፅ የመሰረዝ ዕድሉ ከሌላው ወደ 10 እጥፍ እንደሚጠጋ ገለጸ። ወንጀለኞችን ከመራጮች መዝገብ ለማውጣት በተዘጋጀ ዝርዝርም ስማቸው ስለተመሳሰለ ብቻ ያለ ጥፋታቸው ከምርጫ ጣቢያ የተመለሱ ነበሩ።

ፍሎሪዳ የሚበሳውን ካርድ በ2001 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንደዚያው ናቸው) በሕግ ሻረች፤ በሚቀጥለው ዓመት የአገሪቱ ምክር ቤት ለግዛቶች መኪና መለወጫ ገንዘብ ፈቀደ። ቴሬዛ ለፖር በ2004 በምርጫ ተሸንፈው ከኃላፊነታቸው ወረዱ፤ ካትሪን ሃሪስ የምክር ቤት አባል ሆኑ። ከአምስቱ ዳኞች አንዷ የነበሩት ሳንድራ ዴይ ኦኮነር በ2013፣ ፍርድ ቤቱ ያን ጉዳይ ባይቀበለው ይሻል እንደነበር ተናገሩ። ቅጣታቸውን የጨረሱ ወንጀለኞች ዕድሜ ልካቸውን እንዳይመርጡ የሚከለክለው የፍሎሪዳ ሕግ ግን ከዚያ ምርጫ በኋላ 18 ዓመት ቆየ። በ2018 ሕዝቡ ከ64 በመቶ በላይ በሆነ ድምፅ ለአብዛኞቹ ሻረላቸው። በዓመቱ የግዛቷ ምክር ቤት የፍርድ ቤት ዕዳና መቀጮ ያልከፈለ አይመርጥም የሚል ሕግ አወጣ።