ሑሴን አሕመድ (የታሪክ ምሁር)

ሑሴን አሕመድ የወሎን እስልምና ታሪክ ከውስጡ መርምረው የጻፉ ኢትዮጵያዊ የታሪክ ምሁር ናቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት ክፍል ለረጅም ጊዜ አስተምረዋል፤ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። የ19ኛውን መቶ ዘመን ወሎ የሚያጠና ሰው ዛሬም ቢሆን ሥራቸውን ሳያነብ ሊያልፍ አይችልም።

ያጠኑት አገር ከደሴ ተነሥቶ በኩታበር በኩል ወደ ተንታ የሚዘልቀውን ደጋ ይጨምራል። ይህ የወረሂመኖ ገዥዎች፣ የመመዶች ቤት፣ አገር ነበር። ገዥዎቹ ኢማም ይባሉ ነበር። ከደሴ ወደ ኩታበር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እና ንጉሥ ምኒልክ የተገኙበት ጉባኤ ተካሄደባት። ጉባኤው የተጠራው በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የነበረውን የሃይማኖት ክርክር ለመቋጨት ቢሆንም፣ የወሎ ሙስሊም መሳፍንትም ክርስትና እንዲነሡ ታዘዙ። የወረሂመኖው ኢማም መሐመድ ዓሊ ያን ጊዜ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላ የወሎ ንጉሥ የሆኑት እርሳቸው ናቸው። ይህን ታሪክ ብዙዎች ከቤተ መንግሥት በኩል ጽፈውታል። ሑሴን የጠየቁት ሌላ ነው፦ ሼሆቹ፣ ደረሶቹ (የሃይማኖት ተማሪዎቹ) እና ነጋዴዎቹ በዚያ ዘመን ምን አደረጉ?

መልሱን የፈለጉት በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በሼሆች ቤትና በሐሪማዎች (በእስልምና የትምህርትና የአምልኮ ማዕከላት) ተጠብቀው የኖሩት የዐረብኛ ጽሑፎች ናቸው፤ የወልዮች (የቅዱሳን) ገድል፣ የትውልድ ሐረግ፣ ግጥምና ደብዳቤ። ሁለተኛው የሽማግሌዎች ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 አዲስ አበባ ላይ በተደረገው 8ኛው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ ያቀረቡት ጽሑፍ ከወሎ የተገኘ አንድ የዐረብኛ ገድል የሚያስተዋውቅ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ከእንግሊዙ በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። የመመረቂያ ጽሑፋቸው ስለ ወሎ ዑለማዎች (የሃይማኖት ሊቃውንት)፣ ነጋዴዎችና ባላባቶች ነው። እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ ማየታቸው የሥራቸው ቁልፍ ነው። ሲራራ ነጋዴው መንገድ ይከፍታል፣ ባላባቱ መሬትና ከለላ ይሰጣል፣ ሼሁ ያስተምራል፤ አንዱ ያለ ሌላው አይቆምም።

ይኸው ጥናት ተስፋፍቶ እ.ኤ.አ. በ2001 ብሪል በተባለው የሆላንድ ማተሚያ ቤት በመጽሐፍ ታተመ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሲሆን በ19ኛው መቶ ዘመን ወሎ ስለነበረው የእስልምና መነቃቃት፣ ተሐድሶና አጸፋ ይተርካል። የጀማ ንጉሡ ሼህ መሐመድ ሻፊ፣ የጌታው ሐጂ ቡሽራ፣ የሾንኬው ሼህ ጀውሃር በየሐሪማቸው ያቋቋሙት ትምህርትና የሱፊ ጦሪቃ (መንፈሳዊ ሥርዓት) እዚህ ላይ እንደ ዋና ታሪክ ተይዟል። ቀደም ሲል እነዚህ ስሞች በአገር አቀፍ ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ቢገኙም እንኳ በግርጌ ማስታወሻ ነበር።

ከግለሰብ ታሪኮቻቸው መካከል እ.ኤ.አ. በ1989 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ የወጣው የሼህ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር ታሪክ በተለይ ሊነበብ ይገባል። ሼሁ ከ1853 ገደማ እስከ 1936 (እ.ኤ.አ.) የኖሩ ሲሆን የዐፄ ዮሐንስን የጥምቀት አዋጅ በመቃወም ተነሥተዋል። ጦረኛ ብቻ አልነበሩም፤ በዐረብኛ ፊደል የአማርኛ መንዙማ የደረሱ ሊቅም ነበሩ። ሑሴን ሁለቱን ማንነቶች ሳይነጣጥሉ በአንድ ሰው ሕይወት አሳይተዋል።

የትምህርት ታሪክንም ጽፈዋል። የወሎ ደረሳ ቁርአን ከጨረሰ በኋላ ለፊቅህ (ለሕግ ትምህርት) አንድ ሼህ ዘንድ፣ ለነሕው (ለዐረብኛ ሰዋስው) ሌላ ሼህ ዘንድ ይሄዳል፤ ስንቁን ከአካባቢው ሕዝብ እያገኘ ኪታብ በኪታብ (መጽሐፍ በመጽሐፍ) ይማራል። የቤተ ክህነትን ተማሪ ኑሮ የሚያውቅ አንባቢ መመሳሰሉን ወዲያው ያየዋል።

በእኔ ግምት ከጽሑፎቻቸው ሁሉ እጅግ የሰላው እ.ኤ.አ. በ1992 በእስልምና ጥናት መጽሔት ያሳተሙት፣ የኢትዮጵያ እስልምና ታሪክ እንዴት እንደተጻፈ የገመገሙበት ነው። ትሪሚንግሃም የተባለው ምሁር እ.ኤ.አ. በ1952 ስለ ኢትዮጵያ እስልምና ያሳተመውን መጽሐፍ ጨምሮ የቀደሙትን ሥራዎች በጥንቃቄ ፈትሸዋል። የአገሪቱን ሙስሊሞች ከውጭ የመጣ ስጋት ወይም እምነቱ ያልጠለቀ ሕዝብ አድርጎ ማየትን ነቅፈዋል። ትችታቸው ትክክል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የመጡ ተመራማሪዎችም ጉዳዩን በቀድሞው መነጽር መመልከት አልቻሉም።

ሥራቸው በወሎ አልተወሰነም። በረመዳን በአዲስ አበባው አንዋር መስጊድ ዙሪያ የሚዘረጋውን ገበያ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1999 አሳትመዋል፤ ከደርግ ውድቀት በኋላ በአማርኛ የጎረፉትን እስላማዊ መጻሕፍትም መዝግበዋል። የገበያ ድንኳንን የታሪክ ማስረጃ ብሎ መቁጠር በጊዜው ያልተለመደ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2006 የጻፉት ስለ ክርስቲያኖችና ሙስሊሞች ግንኙነት ነው። ወሎ የመቻቻል አገር መባሏን አልካዱም፤ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለቱ እምነቶች አብረው የሚኖሩባት ምድር መሆኗን ያውቃሉ። ሆኖም መቻቻል የሚለው ምስል የቦሩ ሜዳን ግዴታና በሕግ ፊት የነበረውን አለመመጣጠን እንዳይሸፍን አስጠንቅቀዋል። ባረፉበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2009፣ በ16ኛው የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ ጥራዝ የወጣው ጽሑፋቸው የኢትዮጵያ እስልምና ጥናት ከምን ደረጃ እንደደረሰ የሚመረምር ነው።